የሴቶችን ወዳጅነትና ፈውስ የሚተርክ መንፈሳዊ ልብ ወለድ እንዴት ይጻፋል?

መንፈሳዊ ልብ ወለድ ለአማርኛ እንግዳ አይደለም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ያሳተሙትና «ልብ ወለድ» የሚለውን ስያሜ ለዘርፉ ያወረሰው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ አንድ አረማዊ ንጉሥ የወደዳትን ክርስቲያን ልጃገረድ ለማግባት ሲል ሃይማኖቷን ከነሕዝቡ የሚቀበልበት ታሪክ ነው። ዛሬ በዚሁ መንገድ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ መልእክቱን ያዘጋጃል፤ ሰዎቹን ደግሞ መልእክቱን እንዲሸከሙለት በኋላ ይጠራቸዋል። እኔም ከዚህ አልዳንኩም ነበር። የመጀመሪያ ረቂቄን ያነበበች ጓደኛዬ ወረቀቱን መልሳ ስትሰጠኝ ያለችው ይህንኑ ነው፤ «ስብከቱስ ጥሩ ነው፤ ሴትዮዋ ግን የት ናት?»

ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሴትዮዋን የማስቀደም ደረጃዎች ናቸው። ነገሩ በጭብጥ ብቻ እንዳይቀር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን። ምሳሌያችን ፈጠራ ነው፤ የ34 ዓመቷ ጥሩወርቅ ቤይሩት ውስጥ 9 ዓመት በቤት ሠራተኛነት ቆይታ ወደ አዲስ አበባ ትመለሳለች፤ ደጃፏ ላይ የሚቀበሏት የሟች እናቷ ወዳጅና ጎረቤት የሆኑት እትዬ በላይነሽ ናቸው።

1. ቁስሉን ከነቀኑና ከነምክንያቱ ይወስኑ

«ብዙ መከራ ያየች ሴት» ብሎ መጀመር ምንም እንዳልጀመሩ ይቆጠራል። ቁስሉ አንድ መሆን አለበት፤ መቼ እንደ ደረሰ፣ በማን እጅ እንደ ደረሰ፣ ከሁሉም በላይ ሴቲቱ ዛሬ የትኛውን ተራ ነገር ማድረግ እንዳቃታት ታውቆ መጻፍ አለበት። የጥሩወርቅ እናት በመጋቢት ሞተዋል። ዘመድና ጎረቤት ተመካክሮ «ብቻዋን በሰው አገር መርዶ አትስማ» ብሎ ስለ ወሰነ፣ እርሷ ስትደውል ሰባት ወር ሙሉ የተሰጣት መልስ «እናትሽ ጸበል ገብታለች» የሚል ነበር። ጥቅምት ላይ ስትመጣ፣ በሁለተኛው ቀን ጎህ ሳይቀድ ሰዎች ቤቷን ሞልተው ተቀምጠው አየች፤ መርዶ እንዴት እንደሚነገር የሚያውቅ አማርኛ አንባቢ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አይፈልግም። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ስልክ ሲጠራ ማንሣት አትችልም።

ይህች የመጨረሻዋ ነገር፣ ማለትም ስልኩ፣ የታሪኩ ሁሉ መለኪያ ናት። ሐዘኗን ሲያብራሩ ሦስት ገጽ ከማጥፋት ይልቅ፣ የሚጠራ ስልክ ፊት ለፊት እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ እንድትቀመጥ ያድርጉ። ፈውሱ ሲመጣም የሚታወቀው በዚሁ ነው፤ ስለዚህ ገና ሲጀምሩ ሊታይና ሊነካ የሚችል ምልክት ይምረጡ።

2. ወዳጅዪቱን ከነጥፋቷ ይፍጠሩ

በዘርፉ በብዛት የሚታየው ድክመት እዚህ ላይ ነው። ወዳጅ ተብላ የምትገባው ሴት እንደ መልአክ ነጭ ለብሳ ጥቅስ እየጠቀሰች ትመጣለች፤ የራሷ ጉድለት ስለሌላት አንባቢ አያምናትም። በእኛ ምሳሌ በስልክ «ጸበል ገብታለች» ሲሉ የነበሩት እትዬ በላይነሽ ራሳቸው ናቸው። የዋሹት በፍቅር ነው፤ ውሸቱ ግን ልጅቱ እናቷን አልቅሳ እንዳትቀብር፣ ሰልስትና አርባ እንዳትቀመጥ አድርጓታል። ሊፈውሷት የሚችሉት ሴት ያቆሰሏት ሴት ሲሆኑ ታሪኩ የራሱ እግር ያበቅላል።

እትዬ በላይነሽም የሚፈልጉት ነገር ይኑራቸው። ከ30 ዓመት በላይ ምሥጢራቸውን ያካፈሏቸውን ወዳጅ ቀብረዋል፤ የሟች ልጅ ፊቷን ብታዞርባቸው ከዚያች ሴት የቀራቸው ምንም ነገር የለም። ወዳጅነት የሚጻፈው ሁለቱም ወገን ሲያስፈልገው ነው፤ አንዷ ሰጪ ሌላዋ ተቀባይ ብቻ ከሆኑ ግን የሚጻፈው ስለ ምጽዋት ነው።

በዚህ ደረጃ ላይ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ልጆች እንደሆኑም ቁርጡን ይወስኑ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን የሆነች ሴትና የወንጌላውያን አማኝ የሆነች ሴት ጸሎታቸውም፣ ምርቃታቸውም፣ ኀፍረታቸውም አንድ አይደለም። ለሁሉም እንዲስማማ ተብሎ የተለሰለሰ «አማኝ» በሕይወት ያለ ሰው አይመስልም። የእኛ ሁለት ሴቶች ኦርቶዶክሳውያን ናቸው፤ እናት በሕይወት ሳሉ ከእትዬ በላይነሽ ጋር በየወሩ በ21 የማርያም ማኅበር ይጠጡ ነበር።

3. «እርስዎ»ንና «አንቺ»ን እንደ ታሪክ ይጠቀሙባቸው

አማርኛ ለዚህ ዓይነት ታሪክ ብዙ ቋንቋዎች የሌላቸውን መሣሪያ ሰጥቶናል። የሁለት ሴቶች መቀራረብም ሆነ መራራቅ በግሥ መጨረሻ ላይ ይሰማል። ጥሩወርቅ እትዬ በላይነሽን በልጅነቷ «እትዬ» እያለች በ«አንቺ» ትጠራቸው ነበር እንበል፤ በብዙ ቤት እትዬ የተባለች ሴት አንቺ መባሏ የቤተኝነት ምልክት ነው። ከመርዶው በኋላ ልጅቱ በአንድ ጊዜ «እርስዎ» ትላለች። «ቡና ይጠጣሉ?» የሚለው ጥያቄ ላይ ላዩን ትሕትና ነው፤ ለሴትዮዋ ግን ጥፊ ነው። ጸሐፊው «ተቀይማ ነበር» ብሎ መጨመር አያስፈልገውም፤ ቢጨምር እንዲያውም ያበላሸዋል።

ስለዚህ ከመጻፍዎ በፊት በትንሽ ወረቀት ላይ ማን ማንን በምን እንደሚጠራ፣ ይህም በየትኛው ትዕይንት እንደሚለወጥ ይመዝግቡ። ተራኪውም የራሱን ውሳኔ መወሰን አለበት፤ «እትዬ በላይነሽ ተነሡ» ብሎ ጀምሮ ሁለት ገጽ ሳይሄድ «ተነሣች» የሚል ተራኪ አንባቢን ያደናግራል። ልጅቱ በመጨረሻ ወደ «አንቺ» የምትመለስበትን ቃል አንድ ቦታ ላይ ብቻ ያስቀምጡት፤ ሳታስበው አፏ ያመልጣት፤ ሁለቱም አላስተዋሉም የሚል ዐረፍተ ነገርም አይከተለው።

እግረ መንገዴን፦ «ጓደኛ»፣ «ባልንጀራ»፣ «ወዳጅ»፣ «ምሥጢረኛ»፣ «አበልጅ» የሚሉት ቃላት እየተለዋወጡ የሚገቡ አይደሉም። አበልጅነት በተለይ ሁለት ሴቶችን በልጅ ክርስትና የሚያስተሳስር ዝምድና ስለሆነ ወዳጅነቱን እንደ ሥጋ ዝምድና የማይፈርስ ያደርገዋል። እትዬ በላይነሽ የጥሩወርቅ ክርስትና እናት ቢሆኑ ውሸታቸው ምን ያህል እንደሚከብድ ያስቡት። እኔ ይህንን እመርጣለሁ።

4. እጆቻቸውን ሥራ ያስይዙ

ስለ ልብ ቁስል የሚያወሩ ሁለት ሴቶችን ፊት ለፊት አስቀምጦ ማነጋገር ከሁሉ የከፋው አማራጭ ነው። ቡናም ቢሆን በአማርኛ ልብ ወለድ ብዙ ስለ ፈላ፣ አቦል ላይ መጣላትና በረካ ላይ መታረቅ አንባቢ አስቀድሞ የሚያውቀው መንገድ ሆኗል። ከቡና ውጪ ሴቶች አብረው የሚሠሩት ብዙ ነገር አለ።

እኔ በርበሬን እወዳለሁ። ዛላው ይቀነጠሳል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ይደለዛል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ከነቅመማቅመሙ ይታመሳል፣ ከዚያ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፤ ነገሩ የአንድ ቀን ስላልሆነ የተኳረፉ ሴቶችን ለቀናት በአንድ ግቢ ያውላል። ዓይን ዓይንን ሳያይ ማውራት ይቻላል፤ ዝም ማለትም ይቻላል፤ ሥራው ዝምታውን ይሸፍነዋል። ከዚህም በላይ በርበሬ ያስለቅሳል። መርዶው ዕለት ያላለቀሰችው ጥሩወርቅ፣ በታኅሣሥ አንድ ከሰዓት በኋላ ከበርበሬው ምጣድ አጠገብ ዓይኗ ይፈስሳል፤ እትዬ በላይነሽ በርበሬው ይሁን ሌላ ሳይጠይቁ የነጠላቸውን ጫፍ ያቀብሏታል። በዚህ ትዕይንት ውስጥ «እናቴ» የሚል ቃል አንድም ጊዜ ባይነገር ይሻላል።

የሚያጽናናው ሰው ንግግርም እዚሁ ይለካ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት በምድር ላይ አብረውት ተቀምጠው አንዲት ቃል ሳይናገሩ የቆዩባቸው ቀናት፣ ከዚያ በኋላ ከተናገሩት ሁሉ የተሻሉ ነበሩ። ወዳጅዪቱን ከሁለት ዐረፍተ ነገር በላይ ሲያናግሯት ቆም ብለው ይመርምሩ፤ ምናልባት የምትናገረው እርሷ ሳትሆን እርስዎ ነዎት።

5. እግዚአብሔር በታሪኩ ውስጥ የት እንደሚገኝ ይወስኑ

በሴቶች ወዳጅነት ላይ ለሚጽፍ ሰው ከመጽሐፈ ሩት የበለጠ የአጻጻፍ መምህር የለም፤ አራት ምዕራፍ ብቻ ስለሆነ በአንድ ምሽት ብዕር ይዞ ማንበብ ይቻላል። ሲያነቡት በሁለት ዓይነት ቀለም ያስምሩ፤ በአንዱ ገጸ ባሕርያቱ ስለ እግዚአብሔር የሚናገሩትን፣ በሌላው ተራኪው ራሱ እግዚአብሔር ይህን አደረገ የሚልበትን። የመጀመሪያው ቀለም ገጹን ይሞላል፤ ሰላምታው፣ ምርቃቱ፣ መሐላው፣ ምሬቱ ሁሉ የእርሱን ስም ይጠራል። ሁለተኛው ቀለም ግን ሁለት ቦታ ብቻ ይገኛል፤ በ1፥6 እግዚአብሔር ሕዝቡን እንደ ጎበኘና እህል እንደ ሰጣቸው፣ በ4፥13 ደግሞ ለሩት ፅንስ እንደ ሰጣት። መልአክ አይወርድም፣ ድምፅ ከሰማይ አይመጣም፤ በመካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው ከገብስ አጨዳ ኋላ የምትቃርም ሴት ድካም ነው።

ሌላም ነገር ልብ ይበሉ። የሩት አማት ኑኃሚን ቤተ ልሔም ስትደርስ ሞልታ ወጥታ ባዶዋን እንደ ተመለሰች ትናገራለች፤ «ማራ በሉኝ» ትላለች። ይህን ስትል ሩት አጠገቧ ቆማለች። ተራኪው «ኧረ ባዶሽን አይደለሽም» ብሎ አያርማትም፤ ማረሚያው የሚመጣው በመጨረሻው ምዕራፍ ነው፤ የከተማይቱ ሴቶች ምራትሽ ከሰባት ወንዶች ልጆች ትሻልሻለች ይሏታል። ከስደት ባዶ እጇን የተመለሰች ሴት ለሚጽፍ ሰው ይህ ትዕግሥት ትልቅ ትምህርት ነው። ጥሩወርቅ በምዕራፍ አንድ «እግዚአብሔር ረሳኝ» ብትል ማንም አይመልስላት፤ ጸሐፊውም ለእግዚአብሔር ጠበቃ ሆኖ አይቁም።

ከዚህ የሚወጣው የአሠራር ደንብ ቀላል ነው። ጥቅስ በአንድ ምዕራፍ ከአንድ አይብለጥ፤ እርሱም መናገሩ ዋጋ በሚያስከፍለው ሰው አፍ ይግባ። ጸሎት በትዕይንት መሃል ሲመጣ አጭርና ያልተጨረሰ ይሁን፤ እትዬ በላይነሽ ውዳሴ ማርያም እየደገሙ መሃል ላይ ቢያቆሙና የሚቀጥለው ቃል ቢጠፋቸው፣ ለ50 ዓመት በቃላቸው የያዙት ጸሎት ለምን እንደ ጠፋቸው አንባቢ ራሱ ይጠይቃል። ተአምር ለመጻፍ ከወሰኑ ደግሞ የታሪኩን ችግር የሚፈታ ሳይሆን አዲስ ጥያቄ የሚከፍት ይሁን።

6. ፈውሱን በዘመን መቁጠሪያ ላይ ያውጡት

ፈውስ በአንድ ገጽ ሲፈጸም አንባቢ እንደ ተታለለ ይሰማዋል። የኢትዮጵያን የጾምና የበዓል ቀመር ዘርግተው ትዕይንቶቹን በላዩ ላይ ይደልድሉ፤ ቀመሩ ራሱ ፍጥነቱን ይገዛል። በእኛ ታሪክ መርዶው ጥቅምት ነው፤ በርበሬው ታኅሣሥ፤ የእናት ሙት ዓመት መጋቢት ላይ በዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል። እዚህ ላይ ማገርሸት አለበት፤ ተሻላት ያልናት ሴት ለሦስት ቀን በሯን ዘግታ ትቀመጣለች። ነሐሴ ላይ የፍልሰታ ጾም ይመጣል፤ ልጅና አዋቂ ቅዳሴ በሚያስቀድስበት በዚያ ወቅት ሁለቱ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ጃንጥላ ሥር ይሄዳሉ። ጳጉሜን 3 ሩፋኤል ነው፤ ስሙ «እግዚአብሔር ፈዋሽ ነው» ማለት ነው፤ የዚያን ዕለት ዝናብ ሰዎች ለበረከት ወጥተው ይታጠቡበታል። ይህ ቀን ለፈውስ ታሪክ በጣም የተመቸ ስለሆነ በጥንቃቄ ይያዙት፤ ዝናቡ ይዝነብ፣ ልጆች ይጨፍሩ፣ ጥሩወርቅም ደጃፏ ላይ ቆማ ትመልከት፤ ያን ዕለት ግን አትዳን።

ጸበልንና ሐኪምን ማጣላት የሰነፍ ጸሐፊ መንገድ ነው። ብዙ ሴት ጠዋት ጸበል ተጠምቃ ከሰዓት መድኃኒቷን ትውጣለች፤ ታሪኩም ይህን ያለ ሐተታ ያሳይ። ስለ ሥጋ ፈውስ መጻፍ ለሚፈልግ በእውነተኛው ታሪክ ውስጥ ልብ ወለድ የማይደፍረው ምሳሌ አለ። ካትሪን እና ሬጂናልድ ሐምሊን በ1959 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በ1974 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ በወሊድ ችግር ለፊስቱላ የተዳረጉ ሴቶች የሚታከሙበትን ሆስፒታል አቋቋሙ። ማሚቱ ጋሼ ለሕክምና ወደ ሐምሊኖች የመጡ ታካሚ ነበሩ፤ መደበኛ ትምህርት ሳይኖራቸው ከሐኪሞቹ ጎን እየሠሩ ቀዶ ሕክምናውን ተምረው ሌሎችን ሴቶች የሚያክሙ ሆኑ። አንባቢን የሚይዘው መዳናቸው ብቻ አይደለም፤ የዳነችው ሴት እጅ የት ደረሰ የሚለው ነው። በታሪክዎ ውስጥም ጀግናዪቱ ገና ሙሉ በሙሉ ሳትድን ለሌላ ሴት አንድ ነገር የምታደርግበት ትዕይንት ይኑር። ቤይሩት የቀረች ጓደኛዋ አባት ሲሞቱ ዘመዶቻቸው ጥሩወርቅን «አንቺ፣ አባትሽ ጸበል ሄዷል በያት» ይሏታል። ይህ የታሪኩ አናት ነው፤ የእትዬ በላይነሽ ፈተና አሁን በእርሷ ላይ መጣ፤ ስልኩም ይጠራል።

አሥራ ሁለት ዓመት ደም ይፈስሳት የነበረችውን ሴት ታሪክ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 እዚህ ላይ መልሰው ያንብቡ። ልብሱን በነካች ጊዜ ደሟ ቆመ፤ ጌታ ግን በዚያ አላሰናበታትም፤ እየፈራች እየተንቀጠቀጠች በሕዝቡ መካከል እውነቱን ሁሉ እንድትናገር ሆነ፤ «በሰላም ሂጂ» የተባለችው ከዚያ በኋላ ነው። ለጸሐፊ ይህ ቅደም ተከተል ወርቅ ነው፤ ሥጋዋ መዳኑና ቃሏ መውጣቱ ሁለት የተለያዩ ትዕይንቶች ናቸው።

7. ፍቅረኛውን በልኩ ያስገቡ

ወንዱ ይምጣ፤ ይዋደዱ፤ ይጋቡም። ብቻ ጋብቻው የቁስሉ መድኃኒት እንዳይሆን። ቦዔዝ በመጽሐፈ ሩት የሚገባው በምዕራፍ 2 ነው፤ ሩት «ሕዝብሽ ሕዝቤ፥ አምላክሽም አምላኬ ይሆናል» ያለችው ግን ከዚያ በፊት፣ በምዕራፍ 1፣ ለአማቷ ነበር፤ መሐላው ከትዳሩ ይቀድማል። ሠርግ የሚጽፉ ከሆነ ከሠርጉ በኋላ ሴቶቹ የሚገናኙበት አንድ ትዕይንት ያስቀሩ፤ አለዚያ ወዳጅነቱ ባል እስኪገኝ ድረስ የተቀመጠበት ወንበር ይመስላል።

8. ይቅርታውን በባህሉ ሥርዓት ይጻፉ

«ይቅር በይኝ» «ይቅር ብዬሻለሁ» ተባብለው ከተቃቀፉ ትዕይንቱ ሞተ። አገሩ ከዚህ የተሻለ ሥርዓት አለው፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» የሚለው አባባል ራሱ በዳይም ተበዳይም ከራሳቸው በላይ ለሆነ ሲሉ እንደሚተዉት ይናገራል። በእኛ ታሪክ የእናት የማኅበር ቦታ እስካሁን ክፍት ነው፤ ልጅ የእናቷን ቦታ መተካት ያለ ወግ ነው። መስከረም 21 ቀን ተረኛ ደጋሿ እትዬ በላይነሽ ናቸው። ጥሩወርቅ ሳትጠራ ትመጣለች፤ ካህኑ ጸሎት አድርሰው ዳቦው ተባርኮ ሲቆረስ፣ ጽዋውን ለሚቀጥለው ወር ማን ይረከብ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ልጅቱ እጇን ትዘረጋለች። በዚህ ቦታ አንድም የይቅርታ ቃል ባይኖር፣ ጽዋ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ አንባቢ ሁሉንም ይሰማል፤ የማያውቀው አንባቢ ደግሞ ከታሪኩ መጀመሪያ አንሥቶ በየወሩ 21 ቀን ላይ እየተዘጋጀ እንዲመጣ ማድረግ የእርስዎ ሥራ ነው።

9. ረቂቁን ለሴቶች ጮክ ብለው ያንብቡ

አስቀድሞ አንድ ጥንቃቄ፦ ታሪኩ ከእውነተኛ ሰው ከተቀዳ ፈቃዷን ይጠይቁ፤ ስም ብቻ መለወጥም አይበቃም። በአንድ ሰፈር ሴትን የሚያሳውቃት የሥራዋ ዓይነት፣ የልጆቿ ቁጥርና የበሯ ቀለም ነው።

ከዚያ በኋላ በየምዕራፉ መጨረሻ ያለውን አንቀጽ እየሸፈኑ ያንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ ያ አንቀጽ ትምህርቱን የሚያጠቃልል ስለሆነ ሳይጎዳ ሊወጣ ይችላል፤ እኔ ከአሥሩ ሰባቱን አወጣለሁ። የቀረውን ይዘው ሦስት አራት ሴቶች ምስር እየለቀሙ ወይም ጥጥ እየፈተሉ ባሉበት ያንብቡላቸው፤ ከእነርሱ አንዷ የሌላ ቤተ እምነት ልጅ ብትሆን መልካም ነው። ሲጨርሱ ምን ተሰማችሁ ብለው አይጠይቁ፤ ጨዋነት መልሱን ያበላሸዋል። እያነበቡ እጆቻቸውን ይመልከቱ። ሥራው ቆሞ እጃቸው ሰፌዱ ላይ የቀረበትን መስመር በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት፤ አንዷ ተነሥታ ምድጃውን ለማየት የሄደችበትንም እንዲሁ። በማግስቱ ሥራዎን ከሁለተኛው ምልክት ይጀምሩ።